ልጆች ድንጋዩን ይጠይቁ፤ በአክሱም ስለሚደረግ የትምህርት ጉዞ

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝበ እስራኤልን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ እንዳቆመ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ተጽፎ እናገኛለን። ድንጋዮቹ የቆሙት ለጌጥ አልነበረም። በኋላ ዘመን የሚነሡ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም ተጠይቀው እንዲመልሱ ነው። ይህን ሥርዐት ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ታላቅ ትምህርት አለበት። በመጀመሪያ ድንጋዩ ይታያል፤ ቀጥሎ ልጁ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ አባት ይመልሳል። መልሱ ከጥያቄው አልቀደመም። እግዚአብሔር የልጅን ጥያቄ የታሪክ በር አድርጎ ሠራው።

ዛሬ ግን በብዙው ትምህርት ቤታችን፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ጭምር፣ ይህ ሥርዐት ተገልብጦ ይታያል። ልጁ ገና ሳይጠይቅ መልሱ ይነገረዋል። የንጉሡን ስም፣ ዘመነ መንግሥቱን፣ የሐውልቱን ርዝመት በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን የተቀበለውን መልሶ ያስረክባል፤ ዓመት ሳይሞላው ይረሳዋል። ጉዳቱ መርሳቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ልጁ አድጎ ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ በሄደ ጊዜ፣ የተነገረህ ሁሉ ተረት ነው የሚል ሰው ቢያጋጥመው የሚመልሰው ያጣል። በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ በገዛ እጁ ለክቶ፣ በገዛ አእምሮው መዝኖ የያዘው ነገር ስለሌለው ወይ ይቈጣል፣ ወይ ሁሉን ይጥላል። ቍጣውም መጣሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ይኸውም አለማወቅ ነው።

አባቶቻችን ይህን አደጋ ያወቁት ይመስላል። ማታ በእሳት ዙሪያ ልጆች ሲሰበሰቡ የሚጫወቱትን የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሁላችንም እናውቃለን። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ያጣ እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱም ጎንደርን ወይም ጎጃምን፣ ሸዋን ወይም ትግራይን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ ብርቱ ፍርድ ተሰውሮ ይገኛል። ያላወቀ አገሩን ይሰጣል።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን የወጣችው የሰማችውን ወሬ እንዲያው ለመቀበል አልነበረም። በእንቆቅልሽ ፈተነችው፤ ቤቱንና ሥርዐቱን በዓይኗ አየች፤ ከዚያም በኋላ መሰከረች። እንግዲህ ጠይቆ፣ አይቶ፣ መርምሮ መመስከር ለእኛ ከባዕድ የተማርነው አዲስ ነገር አይደለም። ልጆቻችንም በዚህ መንገድ ታሪካቸውን እንዲማሩ ማድረግ ይገባናል። ለዚህ ትምህርት አክሱምን የሚመስል ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና፣ አንድ መምህር ተማሪዎቹን ወደዚያ ቢወስድ ምን ምን ጥያቄ ይዞ መሄድ እንደሚገባው ቀጥለን እንመልከት።

ሁለት ዓይነት ስውር ነገር

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከካህናትና ከወላጆች አንዳንዶቹ «ልጆችን ሁሉን መርምሩ ካልናቸው ነገ ሃይማኖትንም በገመድ እንለካ ይላሉ» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው መነሻ የሌለው አይደለም። መልሱ ግን ምርምርን መከልከል አይደለም፤ የምርምርን ወሰን ማስተማር ነው።

ስውር ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ብላ የምትጠራው ነው። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን፣ እነዚህ አምስቱ አዕማድ በእምነት የሚታወቁ ናቸው እንጂ በመለኪያ አይደረስባቸውም። ሁለተኛው ግን ሰው የሠራው፣ ዘመን የሸፈነው፣ ሰው ደግሞ ሊገልጠው የሚችለው ነገር ነው። ይህን ድንጋይ ማን አመጣው? ይህን ጽሕፈት ማን ጻፈው? ይህ ግንብ ለምን ፈረሰ? ይህ ሁለተኛው የእንቆቅልሽ ወገን ነው። የመጀመሪያውን ዐይነት በገመድ ልለካ የሚል ይስታል፤ ሁለተኛውን ዐይነት ደግሞ ምሥጢር ነው ብሎ ዘግቶ የሚተው ሰው የተሰጠውን አእምሮ ይቀብራል።

ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትሎ እንደ ጻፈ ይነግረናል። የቤርያ ሰዎች የሐዋርያውን ስብከት በደስታ ተቀበሉ፤ እንዲህም እንደ ሆነ ለማወቅ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት መረመሩ፤ ስለዚህም ተመሰገኑ (ሐዋ. ምዕ. 17)። መምህሩ ይህን ለልጆቹ አስቀድሞ ከነገራቸው፣ አክሱም ጽዮን ደርሰው ከጠባቂው በቀር ማንም ወደማይገባበት ወደ ታቦተ ጽዮን ቤት ሲቀርቡ ጫማቸውን አውልቀው ይሰግዳሉ፤ ከሐውልቶቹ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ገመዳቸውን ይፈታሉ። ሁለቱም በየቦታው ተገቢ ነው።

ከጉዞው በፊት

መምህሩ ተማሪዎቹን በአራት ወይም በአምስት ይከፋፍላቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል የመለኪያ ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ ይስጥ። ደብተሩም በሦስት ዐምድ ይሰመር። በመጀመሪያው ዐምድ «ያየነው»፣ በሁለተኛው «የሰማነው»፣ በሦስተኛው «የፈረድነው» ተብሎ ይጻፍ። በዓይን የታየና በገመድ የተለካ በመጀመሪያው ይገባል። ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከካህናት አንደበት የተሰማው በሁለተኛው ይገባል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነም ይጻፋል። ልጆቹ ሁለቱን አገናኝተው ያሰቡት በሦስተኛው ይገባል። ይህ ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ሊቃውንት ነን ባዮች የሚሰነካከሉት የፈረዱትን ካዩት ጋር ቀላቅለው በመጻፋቸው ነው። ይህን ልዩነት በልጅነቱ የለመደ ሰው በሸንጎ ዳኛ ቢሆን፣ በዐውደ ምሕረት ሰባኪ ቢሆን፣ በቤቱ አባት ቢሆን ይጠቅመዋል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ መልሱን ሳይነግር አራት እንቆቅልሽ ይስጣቸው።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ፤ ድንጋዩ ከየት መጣ?

ልጆቹ በመጀመሪያ ወድቆ ተሰባብሮ ወዳለው ታላቁ ሐውልት ይሂዱ። መሬት ላይ ስለ ተጋደመ ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ መለካት ይቻላል። ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ክንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን 66 ክንድ መሆኑ ነው። ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል። ይህን ቍጥር ልጁ እንዲሁ ከሰማው አይገባውም፤ «በኩንታል ስንት ይሆናል?» ብለው ቢጠይቁት ግን 5,200 ኩንታል እንደ ሆነ ራሱ አስልቶ ይደነቃል። ያን ሁሉ እህል የሚጭን መኪና ስንት እንደሚያስፈልግ ያስባል፤ በዚያ ዘመን መኪና እንዳልነበረም ያስታውሳል።

ቀጥሎ መምህሩ «በዙሪያችሁ ካለው ድንጋይ ይህን የሚመስል ፈልጉ» ይበላቸው። በቅርብ አያገኙም። ከከተማው ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎቦ ድራ ከሚባለው ኮረብታ ሲደርሱ ግን መልሱን በዓይናቸው ያያሉ። ሲየናይት የሚባለው ያው ጠንካራ ድንጋይ በዚያ አለ። በድንጋዩም ላይ በተርታ የተቈፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ እነዚህም ጠራቢዎቹ ሽብልቅ እያስገቡ ዐለቱን የሰነጠቁባቸው ናቸው። ከተጀመረ በኋላ የተተወ ሥራም ይገኛል። ልጁ ጣቱን በዚያ ጉድጓድ ባስገባ ጊዜ ከ1,600 ዓመት በላይ ከቆየ የሰው እጅ ሥራ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። በዚያው ኮረብታ አንዲት አንበሳ በዐለት ላይ ተቀርጻ ትታያለች፤ የአገሩ ሰዎችም ስለ እርስዋና ስለ ቅዱስ ሚካኤል የሚተርኩት አላቸው። ይህ በሁለተኛው ዐምድ በአክብሮት ይጻፍ።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ፤ ይህ ምን ዓይነት ቤት ነው?

የተቀረጹት ሐውልቶች የቤት መልክ አላቸው። በግርጌ በር አለ፤ ከበሩ በላይ መስኮቶች በየደርቡ ተደርድረዋል። በወደቀው ሐውልት ላይ የተቀረጸው ቤት 13 ደርብ ነው። ነገር ግን በሩ አይከፈትም፤ መስኮቱም ብርሃን አያስገባም፤ ሁሉም አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። በደርቦቹ መካከል ደግሞ ክብ ክብ ሆነው ብቅ ያሉ ቅርጾች በተርታ ይታያሉ። «እነዚህ ምንድር ናቸው?» ተብለው ሲጠየቁ ልጆቹ የተለያየ ግምት ይሰጣሉ። መምህሩ አይቸኵል፤ ሁሉም ይጻፍ።

የዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ በደብረ ዳሞ ይገኛል። በአቡነ አረጋዊ ገዳም ያለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ድንጋዩን የሚያስሩት አግዳሚ እንጨቶች ራሳቸው ከግድግዳው ውጭ ብቅ ይላል። ይህም «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። እንግዲህ በሐውልቱ ላይ ያለው ክብ ነገር የእንጨት ራስ ምሳሌ ነው፤ ጠራቢው የሚያውቀውን የእንጨትና የድንጋይ ቤት በድንጋይ ብቻ ቀረጸው። ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ በመሆኑና ሴቶች ስለማይወጡበት፣ መምህሩ ጥሩ ሥዕል ይዞ ቢሄድ ለሁሉም እኩል ይሆናል። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ የእንጨትና የድንጋይ ሥርዐት የተሠራ ነው፤ በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ያው መልክ በዐለት ተፈልፍሎ ይታያል። ልጆቹ ይህን ሲያገናኙ አንድ ታላቅ ነገር ያስተውላሉ። አረማዊው ንጉሥ ለመቃብሩ ያሠራው መልክ ኋላ ለክርስቶስ ማመስገኛ ቤት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የአባቶችን የእጅ ጥበብ አልጣለችም፤ ቀደሰችው እንጂ።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ፤ ሐውልቱ ለምን ወደቀ?

በዚህ ቦታ የሰማነውና ያየነው የሚለያዩበት ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ መምህሩ ብልህ መሆን አለበት። የአገሩ ሽማግሌዎች ሐውልቱን የጣለችው ዮዲት ጉዲት ናት ይላሉ። ልጆቹ ይህን ይጻፉ። ቀጥሎ የሐውልቱን ግርጌ ይመልከቱ። በመሬት ውስጥ እንዲቀበር ሳይቀረጽ የቀረው ክፍል ለ33 ሜትር ሐውልት እጅግ አጭር ነው። የሐውልቱ ራስ የወደቀበትንም ስፍራ ይመልከቱ፤ በዚያ ነፋስ መውጫ የተባለው መቃብር አለ፤ የመቃብሩም ክዳን ብቻውን 17 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ድንጋይ ነው። ይህን የተመለከቱ ብዙ ተመራማሪዎች ሐውልቱ ሲቆም ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በገዛ ክብደቱ እንደ ወደቀ ይፈርዳሉ።

ልጆቹ ሁለቱን ቃል በደብተራቸው ጐን ለጐን ሲያዩ ምን ይሆናሉ? መምህሩ በሽማግሌዎች ቃል ላይ እንዲስቁ አይፍቀድላቸው። ዮዲት ጉዲት በሕዝባችን ልብ የጥፋት ዘመን መታሰቢያ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለችበትን፣ ካህናት የተሰደዱበትን መከራ ሕዝቡ በእርስዋ ስም ያስታውሳል። የተሰበረ ታላቅ ነገር ያየ ሕዝብ የስብራቱን ዘመን ስም ቢሰጠው አያስነቅፍም። እንግዲህ ሽማግሌው የሕዝቡን ኀዘን ጠበቀልን፤ ድንጋዩ ደግሞ የአወዳደቁን መልክ ጠበቀልን። ሁለቱም ምስክሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን በሚያውቀው ነገር ይጠየቃል። ዳኛ ምስክርን የሚሰማ ባየው ነገር ነው እንጂ ባላየው አይደለም።

ከዚህም ሌላ ትምህርት አለ። ታላቁን ሐውልት ያሠራው ሰው ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ሊያቆም ፈለገ፤ ለላይኛው ቁመት ሲሳሳ ለታችኛው መሠረት ሳይተርፈው ቀረ። ይህን ለልጆቹ መስበክ አያስፈልግም። ግርጌውን በክንዳቸው ከለኩ በኋላ ራሳቸው ይናገሩታል።

አራተኛው እንቆቅልሽ፤ ንጉሡ ማንን ያመልክ ነበር?

ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በአክሱም የንጉሥ ዔዛና ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ አለ። በላዩ ሦስት ዓይነት ፊደል ይታያል። መምህሩ «ሦስት ፊደል ነው፤ ቋንቋውስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አንደኛው ጽርእ (ግሪክ) ነው፤ በዚያ ዘመን በባሕር የሚነግዱ ሁሉ የሚግባቡበት። ሁለተኛው የራሳችን ፊደል ነው። ሦስተኛው የደቡብ ዓረብ የሳባ ፊደል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ፊደል የተጻፈው ቃል ሲነበብ ግዕዝ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፊደሉ ሦስት፣ ቋንቋው ሁለት ነው።

አሁን ፊደል የቈጠረ ልጅ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ይጠጋ። ሀለሐመ የተማረ ልጅ ከዚያ ድንጋይ ላይ ብዙ ፊደሎችን ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ማንበብ ያቅተዋል። ለምን? ሁሉም ፊደል በግዕዝ ብቻ፣ በመጀመሪያው መልክ ተጽፎአልና፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚባል የለም። «ንጉሠ አክሱም» የሚለው «ነገሠ አከሰመ» ሆኖ ይታያል። የንጉሡም ስም «ዐዘነ» ሆኖ ነው የተጻፈው። ልጁ ድምፁን ራሱ እየጨመረ ሲያነብ የጥንት ጸሓፊ ደቀ መዝሙር ሆነ ማለት ነው። በኋላ በዚያው በዔዛና ዘመን በተጻፈ በሌላ ድንጋይ ላይ ግን ሰባቱ ድምፆች በፊደሉ ላይ ተገልጠው ይገኛሉ። ዛሬ ልጆቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር የሚያዜሙት ፊደል የተወለደበትን ዘመን በድንጋይ ላይ ማየት ይህ ነው።

ከፊደሉ ወደ ቃሉ እንለፍ። በሦስቱ ፊደል በተጻፈው ድንጋይ፣ ስለ ቤጃ ዘመቻ በሚናገረው፣ ንጉሡ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም የጣዖት ስም ነው፤ በጽርእ ጽሕፈቱም አሬስ የሚባለው የጦርነት ጣዖት ተጠርቶአል። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረው በኋለኛው የግዕዝ ድንጋይ ግን ማሕረም የለም። ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ እንደ ሆነ ተጽፎአል። በሌላ የጽርእ ጽሕፈት ደግሞ ያው ንጉሥ አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል። ልጆቹ እነዚህን ሦስት ድንጋዮች በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ይጠየቁ። ከዚያ መምህሩ የዔዛናን ገንዘብ በሙዚየም ወይም በመጽሐፍ ሥዕል ያሳያቸው። በፊተኛው ገንዘብ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፤ በኋለኛው በዚያው ንጉሥ ገንዘብ ላይ መስቀል አለ። ገንዘቡና ድንጋዩ አልተማከሩም፤ ቃላቸው ግን አንድ ሆነ። የአንድ ንጉሥ ልብ የተመለሰበት ዘመን በብረትም በድንጋይም ተመዝግቦ ይገኛል።

ልጆች ብዙ ጊዜ «ታላላቆቹ ሐውልቶች ከዚያ በኋላ ለምን አልቆሙም?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ከሃይማኖቱ መለወጥ ጋር ያያይዙታል። በትንሣኤ ያመነ ንጉሥ የማይከፈት በር በመቃብሩ ላይ ማቆም አላስፈለገውም ብሎ ልጁ ራሱ ቢፈርድ፣ በሦስተኛው ዐምድ ይጻፍለት።

«አብርሃ የሚለው ስም የት አለ?»

በዚህ ጊዜ አንድ ንቁ ልጅ መነሣቱ አይቀርም። «የኔታ፣ በቤተ ክርስቲያን የተማርነው አብርሃና አጽብሃ የሚባሉ ወንድማማች ነገሥታት ክርስትናን እንደ ተቀበሉ ነው፤ ድንጋዩ ግን ዔዛና ይላል» ይላል። መምህሩ ቢቈጣ ልጁ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ጥያቄው ግን በልቡ ይቀራል። የማይነገር ጥያቄ ደግሞ እንደ ምስጥ ነው፤ ከውስጥ ይበላል።

መምህሩ እንዲህ ይበለው። «ልጄ፣ መልካም ጠየቅህ። ንጉሥ በአገራችን ከአንድ በላይ ስም እንዳለው ታውቃለህ፤ የልደት ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ የመንግሥት ስም አለ። ሊቃውንቶቻችን ዔዛናን አብርሃ፣ ሳይዛናን አጽብሃ ይላሉ። አሁን ሌላ ምስክር እንጥራ።» ከዚያም የሚከተለውን ይንገራቸው።

አርዮሳዊው ንጉሠ ሮም ቈስጣንጢዮስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ356 ዓመት ገደማ ወደ አክሱም ደብዳቤ ልኮ ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው ለሁለት ወንድማማች ገዢዎች ነው፤ ስማቸውም ዔዛናና ሳይዛና ነው። የላከበትም ምክንያት ቅዱስ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳውያን ጳጳስ ፊት እንዲመረመር ነው። ደብዳቤውን በመጽሐፉ ገልብጦ ያቆየልን ራሱ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። በሦስቱ ፊደል የተጻፈው ድንጋይም ሳይዛና የዔዛና ወንድም እንደ ሆነ ይናገራል።

እንግዲህ ልጆቹ ይመዝኑ። ቤተ ክርስቲያን ወንድማማች ነገሥታት ነበሩ አለች፤ ከሩቅ የተላከ ደብዳቤ ወንድማማች ገዢዎች ነበሩ አለ፤ ድንጋዩም ወንድሞች ነበሩ አለ። አባ ሰላማን ከአትናቴዎስ የተቀበልን መሆናችንንም የመሰከረልን ወዳጅ አይደለም፤ የአባታችን የሃይማኖት ጠላት ነው። ሽማግሌዎች በሸንጎ እንደሚያውቁት የባላጋራ ምስክርነት ከወዳጅ ምስክርነት ይጸናል። ይህን በገዛ እጁ ያገናኘ ልጅ፣ በኋላ ታሪክህ ተረት ነው የሚለው ቢመጣ አይቈጣም፤ ደብተሩን ይገልጣል።

የተገኘውን ስለ መጠበቅ

ጠይቆ መፈለግን የሚያስተምር መምህር መጠበቅንም ማስተማር አለበት። ልጆቹ ከዚያ ቦታ ጠጠር እንኳ ይዘው እንዳይመለሱ አስቀድሞ ይነገራቸው። አንድ የሸክላ ስባሪ ከወደቀበት ስፍራ ከተነሣ ምስክርነቱ ይጠፋል፤ የት እንደ ነበረ፣ ከምን ጋር እንደ ነበረ የሚናገር የለምና። ወደ ዐፄ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ ላይ ገበሬዎች ያገኙት ሌላ የዔዛና ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩን ከስፍራው የሚያነሣውን የሚረግም ቃል ስላለበት እስከ ዛሬ በተገኘበት ቦታ በትንሽ ቤት ተከልሎ ይኖራል። ንጉሡ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ እንዲህ ዓይነት ተማሪ እንደሚመጣ ያወቀ ይመስላል።

የማይጠበቅ ነገር ምን እንደሚሆንም አክሱም ራሷ ምስክር ናት። 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሁለተኛው ሐውልት ወድቆና ተሰብሮ ሳለ በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት ወስዶት በሮም አደባባይ ተተከለ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ልትመልስ ቃል ገባች፤ ነገር ግን ሐውልቱ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ሆኖ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። በስፍራው ቆሞ የተመረቀውም በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። ከውሉ እስከ መመለሱ 58 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ነገሩ እንዳይረሳ ያደረጉት ስለ ሐውልቱ የሚያውቁና የማይታክቱ ሰዎች ናቸው። ሐውልቱ ከነምኑ እንደ ጠፋ የማያውቅ ትውልድ ቢነሣ ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር? እንቆቅልሹን ያልፈታ አገር ሰጠ፤ የፈታ ግን ሐውልቱን መለሰ።

አክሱም ለራቀው

ይህን የሚያነብ የገጠር ካህን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር «ተማሪዎቼን አክሱም የማደርስበት ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን እንቆቅልሽ የሌለበት ደብር የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ያለውን ጽድና ወይራ ልጆቹ በክንዳቸው ይቀፉት፤ ለስንት ልጅ እቅፍ እንደሚበቃ ይቍጠሩ፤ ማን እንደ ተከለው ይጠይቁ። ከብረት ደወል በፊት የተደወለውን የድንጋይ ደወል ይፈልጉ፤ ድንጋዩ ለምን እንደሚጮኽ፣ ከየት እንደ መጣ ይመርምሩ። ቄሰ ገበዙ ፈቅደው፣ በእርሳቸው እጅ ተገልጦ፣ የወንጌሉን ኅዳግ ይዩ፤ አባቶች የርስት ስጦታንና የምስክሮችን ስም በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ልማድ ነበራቸውና፣ ልጁ የገዛ መንደሩን ስም በብራና ላይ ሊያገኝ ይችላል። የአካባቢው አረጋውያን የነገሩት ደግሞ በሁለተኛው ዐምድ ይጻፍ፤ ሽማግሌ በሞተ ጊዜ ሳይጻፍ የቀረ ቃሉ አብሮት ይቀበራል።

ከጉዞው ሲመለሱ ልጆቹ የጻፉትን በወላጆችና በካህናት ፊት ያንብቡ። ያየነው፣ የሰማነው፣ የፈረድነው እያሉ ለይተው ይናገሩ። ወላጆችም ይጠይቋቸው። በዚያ ሰዓት የኢያሱ ሥርዐት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ልጆች አባቶችን የጠየቁትን ያህል አባቶችም ልጆችን ይጠይቃሉ። ትምህርት ሥር ሰደደ የሚባለው ይህን ጊዜ ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ለልጅ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄ ስጡት፤ ከጥያቄውም ጋር ገመድና እርሳስ ስጡት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከአቧራማ ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ ብታገኙት ልብስህ ቆሸሸ ብላችሁ አትቈጡት። ካህናት አባቶች ሆይ፣ ጠያቂውን ልጅ እንደ ደፋር አትቍጠሩት፤ ቶማስ በዳሰሰ ጊዜ ጌታ እጁን አልመለሰበትምና፤ ዳስሶም ጌታዬና አምላኬ መሆኑን መሰከረ። ነገ ይህ ልጅ በሌላ አገር አደባባይ እንቆቅልህ ሲባል አገሩን ሳይሰጥ እንዲመልስ፣ ዛሬ በራሱ አገር ድንጋይ ፊት ይጠይቅ። ለዚህም አእምሮንና ትጋትን የሚሰጥ አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።